የኮቱ ትከሻ

«ወንድሜ፣ ድንኳን ተሳስተሃል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባም ሰው ሞቷል፤ እዚያ ይሆናል የምትፈልገው» አለችው ድንቅቱ የማታውቀውን ሰውዬ፣ የሟች ባሏን ኮት ትከሻዋ ላይ እንደደረበች።

ሰውዬው አልወጣም። «ፈዲሉ እባላለሁ። ጉደር ገበያ ከጀቤሳ ጋር ነበር ጆንያ የምንሸከመው። አላህ ያጽናሽ» ብሎ እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

ድንቅቱ ግራ ገባት። የእሷ ጀቤሳ ፎርማን ነው፤ አምቦ ያወቀው ፎርማን። ይሄ ጫኝና አውራጅ የማንን ጀቤሳ ነው የሚያለቅሰው?

እርግጥ ክረምት ላይ የሚሠራበት የሕንፃ ሥራ ድርጅት «ገበያው ቀዝቅዟል» ብሎ ግማሹን ሠራተኛ ቀንሷል። ያን ዕለት ጀቤሳ እግሩን እየታጠበ፣ «እኔን አልነኩኝም፤ ያለ ፎርማን ፎቅ አይቆምም» አላት። እሷም «ኮራህ ደሞ» ብላ ሳቀችበት። ከዚያ በኋላም እንደ ወትሮው በጠዋት ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ደግሞ አንድ ቀን ኮቱን ሰጣትና፣ «ቀኝ ትከሻው ላይ ወፍራም ጨርቅ ደርቢበት፤ ብርዱ በዚህ በኩል ነው የሚገባኝ» አላት። ብርድ ደግሞ ትከሻ ይመርጣል? ቀለደችበትና ሰፋችለት።

ሰኞ ጉደር ላይ ድንገት ወድቆ ሞተ ሲሏት፣ ዕቃ ሊገዛ ሄዶ ነው ብላ ነበር። እስካሁን ከድርጅቱ አንድም ሰው ብቅ አላለም። «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» እያለች ለጠያቂ ሁሉ ትሸፍንላቸዋለች። ሐዘንተኛ መሆኗ አንሷት!

አሁን ዓይኗ የፈዲሉ ኮት ላይ አረፈ። ቀኝ ትከሻው ላይ ወፍራም ጨርቅ ተደርቦበታል።

ክው አለች። ትናደድበት ወይስ ታልቅስለት? ለራሷም አልገባት አለ።

«ለእኔ እንኳ? ለምን አልነገረኝም?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንጃ እህቴ። ‹አባቴ በሕይወት እያለ ይህን አይስማ› ነበር የሚለው። አንቺ ካወቅሽ ወሬው ይወጣል ብሎ ፈርቶ ይሆናል።»

አባትየው ኦቦ ተሬፋ ከደንዲ መጥተው ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። ከትናንት ጀምሮ ለለቅሶ ደራሹ፣ «ያንን ፎቅ ያቆመው ልጄ ነው» ሲሉ ነው የዋሉት። አሁን ቀና አሉና፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሱ ሰው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ፈዲሉ መሬት መሬቱን አየ።

«የሥራ ባልደረባው ነው፣ አባባ» አለች ድንቅቱ።

የሽማግሌው ፊት በራ። «ብዬ ነበር እኮ። ልጄን አይረሱትም ብዬ ነበር።»

ድንቅቱ ጠጋ ብላ ፈዲሉን ከጎኗ አስቀመጠችው። ከዚያ የጀቤሳን ኮት ከላይዋ አወረደች፤ የተደረበው ትከሻ እንዳይታይ ወደ ውስጥ አጠፈችውና ጭኗ ላይ አድርጋ መዳፏን ጫነችበት።