ግማሽ ኩባያ

አውሮፕላኑን ነፋሱ ከማረፊያው ፊት ለፊት ሲያንገላታው፣ ምክትል አብራሪዋ ዓይኗን ለአፍታ ከመሣሪያዎቹ ነጥቃ ወደ ካፒቴኑ ግራ እጅ አንገቷን አሰገገች። አልታያትም። የካፒቴኑ መቆጣጠሪያ ዘንግ ከወንበራቸው በስተግራ፣ ከመስኮቱ ሥር ስለሆነ ሰውነታቸው ይጋርደዋል።

መሬት ሲነኩ ለስላሳ ነበር። ከኋላ ተሳፋሪዎቹ አጨበጨቡ፤ ካፒቴኑም እንደ ልማዳቸው ጭብጨባውን ያልሰሙ መሰሉ። የእናቷ ወንድም ናቸው። የበረራ ትምህርት ቤት ያስገቧት፣ ሰማይን ያስለመዷት እሳቸው ናቸው። እሷ ግን ደስ አላላትም።

የድሮ አውሮፕላን ቢሆን ጥርጣሬዋ አንድ ቀን አያድርም ነበር። የሁለቱ አብራሪዎች መሪ በገመድ የተሳሰረ ስለነበር የአንዱ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሌላው እጅ ላይ ያሳብቃል። ይኼኛው በኤሌክትሪክ ነው የሚታዘዘው። አብራሪው ፍላጎቱን ለኮምፒውተር ይነግራል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ አጣርቶና አለስልሶ ለክንፉ ያደርሳል። ጨዋ አማላጅ ነው፣ የእጅን ገመና ይሸፍናል። አማላጁ የታመመ ቀን ግን ክንፉ የእጁን መንቀጥቀጥ እንዳለ ይቀበላል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው እሑድ አጎቷ ቤት ነው። የአጎቷ ሚስት ለሁሉም ሻይ ሞልተው ሲቀዱ ለባላቸው ግማሽ ብቻ አደረጉ። እሷም፣ ለገዛ ባል ይሰሰታል ወይ ብላ ቀለደች። ሴትዮዋ አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ የምታየው ሁሉ ይከነክናት ጀመር። አጎቷ ማሰሪያ ያለው ጫማ ትተዋል፤ በረራ ላይ ሻይ ሲመጣላቸው ሆዴን ይላሉ። ያጎረሰ እጅ ልትነክስ ነው ወይ እያለች ራሷን ወቀሰች፣ መጠርጠሯን ግን አልተወችም።

የመጨረሻው ተሳፋሪ ወርዶ ለመልስ ጉዞ ሲሰናዱ፣ የወረቀት ኩባያ እስከ አፉ ሞልታ መጣች። እንዳያቃጥላቸው ብላ ውሃ ነው ያደረገችው። ወደ ግራ እጃቸው ዘረጋችላቸው።

"ጠጡ፣ ጋሼ።"

"አልጠማኝም።"

"እንግዲያው ያዙልኝ።"

ካፒቴኑ ኩባያውን ትኩር ብለው አዩት።

"ሚስቴ ነገረችሽ?"

"አልነገሩኝም። ግማሽ ሲቀዱልዎት አየሁ።"

እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። ውሃው ከኩባያው እየዘለለ በጣቶቻቸው መሃል ሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ጥርጣሬዋ ውሸት ቢሆንላት ምንኛ በወደደች።

"አውሮፕላኑ እኮ አንድም ቀን አላጋለጠኝም" አሉ።

"እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።"

ኩባያውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለመኗት፤ የመልሱን እሷ ታብርር፣ እሳቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ ቤት ሲገቡ ራሳቸው ለአለቆቹ ይናገራሉ። ልመና ከማያውቅ ሰው የመጣ ልመና ስለሆነ እሺ ልትል ምንም አልቀራት። ኋላ ደግሞ እነዚያ ያጨበጨቡት ሰዎች ትዝ አሏት፤ የመልሶቹም ሁለት ጤነኛ አብራሪ አለን ብለው ነው የሚሳፈሩት።

ስልኳን አውጥታ ተረኛ አብራሪዎችን የሚመድበውን ቢሮ ቁጥር መታች፤ ሲጠራም በቀኝ እጃቸው አስያዘቻቸው።

"ሌላ ካፒቴን ላኩልን ይበሏቸው" አለች። "እርስዎ ካላሉ እኔ እላለሁ።"

ኩባያውን ከግራ እጃቸው ወሰደች። የተረፈውን ውሃ ጠጥታ፣ ተናግረው እስኪጨርሱ ከጎናቸው ቁጭ አለች።