የዘጠኝ ሰዓቱ ድምፅ

ኮምፒዩተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ቀየት በሚባል አገር የዝናብ መለኪያ አነባለሁ። ሥራው የባለቤቴ የጫኔ ነበር፤ እሱ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ተተካሁ። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ከተተከለው መለኪያ ውሃውን እለካለሁ፣ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ሞልቼ ለሜትሮሎጂ ቢሮ እልካለሁ። የመዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ «ምርመራ» ይላል። በረዶ ከጣለ ወይም መለኪያውን በግ ከገፋው እዚያ ይጻፋል። ያልለካሁትን ጽፌ አላውቅም።

ጫኔ የኮምፒዩተሩን ሰዓት በራሳችን አቆጣጠር ሞልቶት ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እሱም ሦስት ይላል። እርሻ ሲውል እኔ እንዳልረሳ ብሎ በዚያ ሰዓት የሚናገር ድምፁን ቀድቶ አስገብቶበታል። «የትምወርቅ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ መለኪያውን አንብቢ።» ይህን ሲል ስክሪኑ ላይ «እሺ» የሚለውን ተጭኜ ድምፁን አጠፋና እወጣለሁ። በሕይወቱ እያለም እንደዚያ፣ ከሞተም በኋላ እንደዚያ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ነገር ይኑር አይኑር አስቤው አላውቅም።

በሰኔ መጀመሪያ አንድ አፕዴት መጣ። ገና በሙከራ ላይ ያለ፣ ቤታ የሚሉት ነው። የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት በራሱ ያውቃል ይላል። ጫኔ በእጁ የሞላውን ማሽኑ በራሱ ቢያውቅለት ደስ ይለው ነበር ብዬ አሰብኩ። «ሥራ በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ አይጫን» የሚለውን ማስጠንቀቂያ አንብቤዋለሁ። አንብቤ ጫንኩት።

አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ኮምፒዩተሩ ግን አልጠፋም፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች። መሐል ሜዳ ከተማ ኮምፒዩተር ለምትጠግነው ለእፀገነት ደወልኩ።

«እትዬ፣ እንዳያጠፉት!» አለች፣ ገና ሳልጨርስ። «ይሄ አፕዴት ዲስኩን ይቆልፋል፤ መክፈቻውን ደግሞ ለማንም አይሰጥም። እስካልጠፋ ክፍት ነው። አንዴ ከጠፋ በቃ፣ ፎርማት ነው።»

«ፎርማት ሲደረግ ምን ይቀራል?»

«ብረቱ።»

የዝናቡ መዝገብ በወረቀት አለኝ። ስለዚህ ያን ቀን ብዙም አልተጨነቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ድምፅ አልመጣም። በራሴ ወጥቼ ለካሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ገብስ እየለቀምኩ ሳለ ከጥቁሩ ስክሪን ጎን ጫኔ ተናገረ።

«የትምወርቅ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ መለኪያውን አንብቢ።»

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልቆየሁም። አፕዴቱ አውቃለሁ ያለውን አያውቅም፤ ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ መልሶታል። የፈረንጅ ሦስት ሰዓት ለእኛ ዘጠኝ ነው። ነገሩ ይኸው ብቻ ነው። ግን የምጫነው «እሺ» ስክሪኑ ላይ የለም፤ ድምፁ ቀጠለ።

«ጋቢሽን ደርቢ፤ ውጭው ይበርዳል» አለ። ሁለት ጊዜ አሳለው። ከዚያ ከሩቅ፣ ከግቢ፣ የሴት ድምፅ መጣ፤ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» የራሴ ድምፅ ነው፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የነበረኝ።

«ካንቺ ጋር።»

«እኔ እዚህ ነኝ እኮ!»

«ለኋለኛዋ አንቺ ነው» አለ ጫኔ፣ ዝግ ብሎ። ከዚያ ቅጂው አለቀ።

አምስት ቀን፣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። ለማንም አልተናገርኩም። መዝገቡም ላይ አልጻፍኩትም፤ ዝናብ አይደለም። በአምስቱም ቀን መብራት አልሄደም፤ ይህ ራሱ እዚህ የተለመደ አይደለም።

በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በጓሳ ተራራ በኩል ደመና ተከመረ፤ ነጎድጓድ ሰማሁ። የኮምፒዩተሩ ባትሪ መብራት ከሄደ በኋላ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይይዛል፤ ከዚህ በፊት ለክቼዋለሁ። ለእፀገነት ደወልኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ ደረሰች።

«እርስዎ ደግሞ! በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«የሚነገር አልመሰለኝም።»

ስልኳን ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጣ መቅዳት አስጀመረች። «ቀላል ነው። ብቻ ትንፍሽ እንዳይሉ።»

ለዘጠኝ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው በረዶ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ፤ መብራት ሄደ። ባትሪው ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ግማሽ ደቂቃ ይተርፈናል ብዬ አሰላሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ።

«የትምወርቅ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ መለኪያውን አንብቢ።»

ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም። መለኪያው የሚነበበው ጠዋት ነው። ምናልባት ስለዘነበ ይሆናል። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። የመለኪያው አፍ በረዶ ሞልቶታል። ጎንበስ ብዬ ሳየው በመስኮቱ በኩል ወሬ ሰማሁ፤ የወንድ ድምፅ፣ ረጋ ያለ። እፀገነት ሰው ያስገባች መስሎኝ ጮኽኩ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ካንቺ ጋር» አለኝ።

ስገባ ማራገቢያው ቆሟል። አረንጓዴዋ መብራት ጠፍታለች። እፀገነት ብቻዋን ናት።

«ማን ነበር?»

«ማንም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ገና እየተናገረ ሳለ ጠፋ እኮ፣ እትዬ።»

ቅጂውን ከፈተችው። የጫኔ ትእዛዝ አለ፣ የበሩ መከፈት አለ፣ ሁለቱ ሳል አለ፣ የድሮው ጥያቄዬ አለ። መልሱ ሳይመጣ ማሽኑ ዝም ይላል። ከዚያ በረዶ ብቻ። ከጫኔ ትእዛዝ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ በኋላ የእኔ ጩኸት ከግቢ ይሰማል፤ የአሁኑ፣ የሻከረው። ከዚያ በኋላ በረዶ።

«መልሱ አልተቀዳም» አለች እፀገነት። «ይቅር ይበሉኝ። እሱን ነበር የፈለጉት።»

«ሰምቼዋለሁ» አልኳት።

መዝገቡን ሳብኩ። ምርመራ በሚለው ዓምድ ላይ ጻፍኩ፤ «በረዶ። 9፡00 ኮምፒዩተሩ ጠፋ። 9፡02 ከቤት ውስጥ የጫኔ ድምፅ።»

እፀገነት በትከሻዬ በኩል አነበበች። ስልኳን ደረቷ ላይ ያዘች።

«ይሄንንም ለቢሮ ይልኩታል?»

ሰዓቱን ደግሜ አየሁት። ትክክል ነው።

«ከዝናቡ ጋር» አልኳት።