ያልደረቀው ሸሚዝ

ልብስ አጣቢዋ ክረምትን እንደ ክፉ ጎረቤት ነበር የምታየው። በበጋ ጠዋት ያሰጣችውን ማታ አጣጥፋ ታስረክባለች። ክረምት ሲገባ ግን የሰው ልብስ ሁሉ እቤቷ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ሦስት አራት ቀን ይሰነብታል። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ከዚህ ሌላ ድምፅ አልነበረም፣ ልጆቼ።

በዚያው ክረምት ከታላቅ እህቷ ደብዳቤ መጣላት። እህትየው ሩቅ ነው የምትኖረው፤ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ከያዘች ሁለት ወሯ።

"አንቺ ልጅ፣" ይላል ደብዳቤው፣ "'እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ' የምትይዋን በቃሌ ይዣታለሁ። እሷን ተይና ልጆች ሳለን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነሽ እንደምትፈጥሪልኝ ያለ ታሪክ ጻፊልኝ። ግድግዳ ሳይ ውዬ ግድግዳ ሳይ ማደር አንገሸገሸኝ። ደግሞ ከልብሽ ካልሆነ አውቅብሻለሁ!"

አጣቢዋ ደብተር ገዛች። እስክሪብቶውን ብታነሣ "እንደምን ሰንብተሻል" ብሎ ቁጭ! ቀደደችው። በማግስቱ ንጉሥና ልዕልት አስገባች፤ እህቷ ስቃ ስቃ ዳሌዋን እንዳታሳምመው ብላ እሱንም ቀደደችው። አርባ ዓመት ሙሉ እጇ የለመደው ሳሙና ነው፤ ቃል ከየት ይምጣ?

በአራተኛው ቀን ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ ቀና ብትል፣ የሰዓት ሠሪው ሸሚዝ ፊት ለፊቷ ተንጠልጥሏል። የግራ ክርኑ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቀኙ ደህና ነው።

"ምነው አንተ፣ በአንድ ክንድህ ብቻ የምትደገፈው?" አለችው።

ሸሚዙ ጠብ አለ።

ከገመዱ ማዶ የአዋላጇ ቀሚስ አለ። ኪሱ ሁልጊዜ የከረሜላ ወረቀት አያጣም፤ አዋላጇ ግን የራሷ ልጅ የላትም። አጣቢዋ ተነሣችና ሸሚዙን ወደ ቀሚሱ ጠጋ አደረገችው። ከዚያ ተቀምጣ ጻፈች፦ "አንድ ሰው ነበር፤ በቀኝ እጁ የሰው ሰዓት እያቃና፣ በግራው የራሱን አገጭ ደግፎ የሚያረጅ።"

አምስት ገጽ ሳታስበው ሞላ። በሳምንቱ ሰዓት ሠሪው በር ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ ሸሚዜስ?"

"አልደረቀም።"

"እስካሁን? ከባሕር ነው እንዴ ያወጡት?"

"ሰማዩን አያዩም ጋሼ? እኔ ፀሐይ አልሸጥ!"

ውሸቷን ነው፤ ሸሚዙ ክው ብሎ ደርቋል። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ሰውየው የአዋላጇን በር ገና አላንኳኳም፤ እንዴት ብላ ትስጠው?

በነጋታው ፀሐይ ወጣችና ምክንያቷ አለቀ። ሰዓት ሠሪውም አዋላጇም አከታትለው መጡ፤ እዚያው ደጃፏ ላይ ተገጣጠሙ። አጣቢዋ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አየቻቸው። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ተባባሉና እሱ ወደ ላይ፣ እሷ ወደ ታች ሄዱ። በቃ።

ገመዱ ባዶ ቀረ። ልታጋባቸው እስክሪብቶውን አነሣች፤ እጇ እምቢ አላት። እህቷ ታውቅባታለች። ታዲያ በዚህ ሁሉ ውስጥ እውነቱ የቱ ነው? ያ ሸሚዝ በራሱ እግር አልተጠጋ!

ከወንበሩ ጀርባ የራሷን ቀሚስ አነሣች። የሰው ቦታ ይሻማል ብላ ገመዱ ላይ ሰቅላው አታውቅም። አጠበችውና መሀል ላይ ሰቀለችው። ከዚያ እንደ ባዳ ልብስ አየችው። ሆዱ ላይ ሳስቷል፤ የገንዳው ጠርዝ የበላው ነው። ትከሻው ግን አዲስ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንም እጁን ጣል አድርጎበት አያውቅም።

ውጪ እንደገና አካፋ። አጣቢዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሳትቀድ ሳትሰርዝ እንዲህ ጻፈች፦

"ሁለቱን ልብሶች ያጠጋጋቻቸው አንዲት ሴት ነበረች። ለእህቷ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ትላት ነበር። ደህና አልነበረችም።"

ቀሚሷ ጠብ አለ። እሷም ቀጠለች።