ከየትም የማይመጣ ቧንቧ

“እማ፣ ስልኩ እዚያ አይደለም እያለ ነው!” ልጇ ከድልድዩ ጫፍ ጮኸች።

“ስልክሽን ብርድ መትቶት ነው፤ ተይው!” አለች ልብስ ሰፊዋ። በረዶው ላይ ተንበርክካ ክንዷን እስከ ብብቷ ድረስ በድልድዩ ድንጋዮች መካከል ሰዳ ትዳብሳለች። የጓንቷን የጣት ጫፎች ራሷ ናት የቆረጠቻቸውና የዘመዘመቻቸው፤ ክዳን ለመክፈትና እርሳስ ለመያዝ እንዲመች። እጇ ያገኘው ግን የበሰበሰ ቅጠል ብቻ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ባሏ እዚህች ቀዳዳ ውስጥ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ሲደብቅ፣ እሷ ሰው እንዳይመጣ ቆማ ትጠብቅለት ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው። አንዱ ትንሽ ሣጥን ደብቆ የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ሌላው በስልኩ እየተመራ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ውስጡ ያለው ደብተር ላይ ፈርሞ ወደ ቦታው ይመልሳል። ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ስለነበር ሁለቱ በፈላጊዎች ዘንድ የሚታወቁት “ክርና ቧንቧ” በሚል ስም ነው። ክረምት ከበጋ ሳይሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይወጡ ነበር።

“ባትሪውን ደረትሽ ኪስ ውስጥ አድርጊው፤ ብርድ ይገድለዋል። እስክሪብቶም አትያዢ፤ ቀለሙ ይረጋል። እርሳስ ነው በረዶም ውሃም የማይፈራው” ይላት ነበር እሱ።

“ጦር ሜዳ ነው እንዴ የምንሄደው?” ትለዋለች፤ ግን ሁሉንም እንዳለው ታደርጋለች።

የሰው ሣጥን ፍለጋ ሁሌም አብረው ነበሩ። የራሳቸውን ለማየት ግን እሱ ብቻውን ነበር የሚሄደው። “ዳገቱ ለጉልበትሽ አይሆንም” ይላታል። ከዚህ የባሰ ስንት ዳገት አብራው ወጥታለች፤ ቢሆንም ምን ቸገረኝ ብላ በፔርሙዝ ሻይ ሞልታ ትሸኘዋለች።

እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነ። ባለፈው ወር ከጨዋታው አስተባባሪዎች መልእክት መጣ፦ ክዳኑ ውሃ ያስገባል፣ ደብተሩ ርሷል፣ በሠላሳ ቀን ካልተጠገነ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ሠላሳኛው ቀን ዛሬ ነው። ጠዋት የእሱን ቦርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተችው። ባትሪ፣ እርሳሶች፣ አዲስ ደብተር፣ ደግሞም ሦስት የጎማ ቀለበቶች። ምሳ ዕቃ የቧንቧ ጎማ ምን ያደርግለታል ብላ ገርሟት ነበር።

“እማዬ፣ ጣትሽ ሰማያዊ እየሆነ ነው” አለች ልጇ። ነርስ ናት፤ ለበሽተኛ በምታወራበት ድምፅ ነው የተናገረችው። “ጠፍቷል በቃ። እንሰርዘውና ወደ ቤት እንሂድ።”

“ሁለት ዓመት ሙሉ ዞር ብዬ ሳላየው! ከቤት ውጭ የቀረኝ የእሱ ነገር ይሄ ብቻ ነበር።”

“ስልኩ እኮ መቶ ሜትር ወደ ታች ነው የሚለው።”

“የደበቅነው እዚህ ነው አልኩሽ! ቁጥሩንም ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍኩት ራሴ ነኝ።”

እውነቷን ነው። እሱ እያነበበላት እሷ ነበረች የጻፈችው። የደንበኛ ካፖርት አራት ጣት አሳጥራ ቆርጣ፣ “ዓይኔም እጄም ከዱኝ፤ ሱቁን ልዝጋው” እያለች ስታለቅስ የሰነበተችበት ሳምንት ነበር። ቁጥሩን ጽፋ ስትጨርስ “ይኸው፣ አንድ ነገር እንኳ በትክክል ሠራሁ” ብላው ነበር። እሱም ግንባሯን ስሞ ሣቀ።

“እሺ፣ ለስልኩ ስንል አይተነው እንመለስ” አለች ልጅቷ ክንዷን ይዛ እያስነሳቻት።

ስልኩ ጣሪያው የወደቀ አሮጌ የውሃ ፓምፕ ቤት አጠገብ አደረሳቸው። ግድግዳው ላይ የዛጉ ቧንቧዎች ተደርድረዋል። የልብስ ሰፊዋ ዓይን አንዱ ላይ ተተከለ። ክንድ የሚያህል ነው፤ አልዛገም፤ ሁለት ቦታ ላይ ታስሯል። ሌላው ሠራተኛ በአንድ ማሰሪያ የሚያልፈውን ባሏ ሁልጊዜ በሁለት ነበር የሚያስረው።

“ይሄ ቧንቧ ከየትም አይመጣም፣ ወዴትም አይሄድም” አለች ቀስ ብላ። “የአባትሽ እጅ ነው።”

የቧንቧውን ጫፍ ክዳን በሁለት እጇ ጠመዘዘችው። ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ነበር። በእስክሪብቶ የፈረሙት ሰዎች ቀለም ተጨማልቋል። የመጀመሪያው ገጽ ግን በእርሳስ የተጻፈ ስለሆነ አንድም ፊደል አልጠፋም።

ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብላ ጮክ ብላ አነበበች፦ “ይህን ለምታገኙ ሁሉ። ሣጥኑ የነበረው ድልድዩ ላይ ነው። ባለቤቴ ስትጽፍ አንዷን ቁጥር ተሳሳተች። ለዚህ ሳምንት አንድ ስህተት ስለሚበቃት እኔ ሣጥኑን በቧንቧ ተክቼ ወደ ቁጥሩ አምጥቼዋለሁ። ካገኛችኋት አደራ፣ እንዳትነግሯት።”

ከሥሩ፣ ገጽ በገጽ፣ የማያውቋቸው ሰዎች ፈርመዋል። “አልነገርንም።” “አፌን ዘግቻለሁ።” “ገበያ ላይ አገኘኋት፤ ስለ አየሩ ብቻ አወራን።”

ልብስ ሰፊዋ ሣቀች፤ ሣቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ በጓንቷ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። “አሥራ አንድ ዓመት! ጉልበትሽ ጉልበትሽ ሲለኝ የነበረው ለካ ለዚህ ነው! አገር ሁሉ ሲያውቅ!”

“ደብተሩን ወደ ቤት እንውሰደው” አለች ልጇ። “የእሱ ጽሑፍ እዚህ ሊበሰብስ አይገባም።”

እናትየው ከኮቷ ኪስ መቀስና መርፌ አወጣች፤ ያለ መርፌ ከቤት ወጥታ አታውቅም። የመጀመሪያውን ገጽ ከአሮጌው ደብተር በጥንቃቄ ቆረጠችና በአዲሱ ደብተር መጀመሪያ ላይ በጥቁር ክር ሰፋችው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር። አሮጌውን ለልጇ ሰጠቻት። አዲሱን በላስቲክ ጠቅልላ ቧንቧው ውስጥ ከተተች፤ ከቦርሳው አንዱን የጎማ ቀለበት አውጥታ ክዳኑ ላይ ስታደርገው ልክክ አለ።

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። “ምን ብዬ ልጻፍላቸው?”

“ተጠግኗል በያቸው።”

“ስለ ቁጥሩስ?”

“የትኛው ቁጥር?” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ክዳኑን እያጠበቀች።