ቦቴ ያጠጣው ማሽላ

ውሸት ያናድደኛል። በሚጠጣ ውሃ የተሠራ ውሸት ደግሞ ያሳብደኛል። እኛ ሰፈር ቧንቧው ከደረቀ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። ሚስቴ በለጠች ጀሪካን ይዛ የደቻቱን ወንዝ እየተሻገረች ከእህቷ ቤት ትቀዳለች። በዚያው ሳምንት አለቃዬ ጢሞቴዎስ አራት ቦቴ ንጹሕ ውሃ ማሽላ ላይ አስደፋ።

ፍቅረ ማርያም እባላለሁ፤ የአፈር ባለሙያ ነኝ። ከድሬ ወጣ ብሎ ሸምሶ የምትባል አራት ልጆች የምታሳድግ ገበሬ ማሳ ላይ ሙከራ ነበረን። የሸምሶ የውሃ ጉድጓድ ከዓመት ዓመት ጨዋማ እየሆነ ማሽላዋ ገና በቡቃያው ያርራል። ግማሹን ዘር ጥቂት ዚንክ በሟሟበት ውሃ፣ ግማሹን በተራ ውሃ ነክረን ጎን ለጎን ዘራን። ዚንክ ተክል በጣም ጥቂቱን ብቻ የሚፈልገው ማዕድን ነው፤ ያንን ጥቂት ካገኘ ጨውን ይበልጥ ይችላል። ምን ያህል እንደሚችል የሚታወቀው ሁለቱም ያንኑ ጨዋማ ጉድጓድ ብቻ ሲጠጡ ነው። ሌላ ጠብታ ከነካቸው ሙከራ የሚባል ነገር የለም።

ውጤቱ አላሳፈረንም። በተራ ውሃ የተነከረው አለቀ። የዚንኩ አጠረ፣ ጫፉ ነደደ፣ ግን ቆመ። ሸምሶ ከምድጃዋ በላይ ጭስ ላይ የሰቀለችው የማሽላ ራሶች ነበሯት፤ ያላት ዘር እሱ ብቻ ነው። «ሚያዝያ ሳይገባ ቁርጡን ንገረኝ» ብላኛለች። ሲሶውን በዚንክ ነክራ እዚህ እንድትሞክር፣ የቀረውን ሐርላ ባለው የወንድሟ መሬት ላይ በዝናብ እንድትዘራ ልነግራት ወስኜ ነበር።

ከዚያ ሙከራውን የሚያዩ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። ጢሞቴዎስ እኔን ለአፈር ናሙና ሁርሶ ላከኝ። ሸምሶም አክስቷ ሞተው ሐርላ ለቅሶ ሄደች። ሐሙስ ጠዋት ስመለስ የዚንኩ መደብ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። ዳር ዳሩን የቦቴ ጎማ አርሶታል። የጨው መለኪያዬን አፈሩ ውስጥ ሰካሁት፤ ጨዉ ታጥቦ ሄዷል።

«አቦ ጢሞ፣ ምን አጠጣኸው?» አልኩት።

«ትንሽ አነቃቃነው።»

«በቦቴ?»

«ዚንኩ ይሠራል ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ? ያው ነው። ሰው ቢጫ ቅጠል ለማየት ከአዲስ አበባ ድረስ አይመጣም።»

ያው ነው ይለኛል! የቆጡን አወርድ ብሎ የብብታችንን ጣለው። እውነተኛ ውጤት በእጃችን ነበር፤ ትንሽ፣ ቢጫ፣ ግን የራሳችን። አንገቱን ልይዘው ምንም አልቀረኝም።

መኪኖቹ መጡ። ሸምሶም ከሐርላ ደርሳ ከጎረቤቶቿ ጋር ቆመች። ጢሞቴዎስ ንግግር አደረገ፤ የተረፈውን የዚንክ ዱቄት በየከረጢቱ አድርጎ ካሜራ ፊት ሸምሶን ጨምሮ ለሰባት ገበሬዎች አደለ። መለኪያው እጄ ላይ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እንግዳ ፊት አለቃ አይዋረድም የሚል ይሉኝታ ያዘኝ። ጭብጨባ ሲሆን አብሬ አጨበጨብኩ።

አርብ ቢሮ ዋልኩ። አርብ ሙሉ ጢሞቴዎስን ስራገም ዋልኩ እንጂ ወደ ማሳው አልሄድኩም። ቅዳሜ ጠዋት ነው ሸምሶ ግቢ የደረስኩት። በርሜል አጠገብ ተቀምጣ እጇን ታጥባለች። ቀና ብዬ በተከፈተው በር ሳይ ከምድጃው በላይ ያለው እንጨት ባዶ ነው።

«ሁሉንም ነከርሽው?»

«ሁሉንም። ማታ ነከርኩት፤ ነገ በጉዛ እንዘራዋለን። ለደቦው ሰው ጠርቻለሁ።»

በርሜሉ ውስጥ ዘሩ አብጧል። የተነከረ ዘር ተመልሶ አይሰቀልም፤ ሐርላ ዝናብ እስኪጥልም አይቆይም፤ ዚንክ የነካው ደግሞ አይበላም። ስለ ቦቴው፣ ስለ ታጠበው ጨው፣ ስለ ሲሶው አንድ በአንድ ነገርኳት። 

«ያ አለቃህ ወላሂ አንድም ቀን አላመንኩትም» አለች። «ሲያወራ እሱን አላየሁም፤ አንተን ነው ያየሁት። ይሄ ሰው ካጨበጨበ እውነት ነው አልኩ።»

 ጢሞቴዎስ ላይ ሁለት ቀን ያጠራቀምኩት ንዴት ሁሉ ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ። በጆሮ ግንዴ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

«ብዘራው ይበቅል ይሆን?» አለች።

«ይበቅላል። ዝናቡ ካጠረና ከጉድጓዱ ካጠጣሽው ግን ብዙው አይደርስም።»

ተነስታ ሻሿን አሰረች። «ና» አለችኝ። «ከረጢት የወሰዱት ስድስት ቤት አሉ። እኔ አልነግራቸውም፤ አንተ ነህ የምትነግራቸው።»

የመጀመሪያው ደጅ የዐብዲናሲር ነበር። ሲያየን በፈገግታ ወጣ፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ርሷል፤ ያበጠ የማሽላ ፍሬ ተለጥፎበታል።