ሰባ ስድስተኛዋ ፍሬ

ሳያት በኮምፒውተሩ ላይ የተዘረጋውን የራጅ ምስል ሦስት ጊዜ ቆጠረችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰባ አምስት ሆነባት።

ትናንት ረፋዱ ላይ በጋሽ ሙሴ የፕሮስቴት ዕጢ ውስጥ የተቀበሩት የጨረር ፍሬዎች ግን ሰባ ስድስት ነበሩ። እያንዳንዷ ፍሬ ከሩዝ የምታንስ፣ በታይታኒየም የታሸገች የአዮዲን ቅንጣት ስትሆን፣ በተቀመጠችበት ሆና ካንሰሩን ለወራት ቀስ በቀስ ታጠፋዋለች። ሰማንያ ፍሬ መጣ፣ ሰባ ስድስቱ ገባ፣ አራቱ ወደ እርሳስ ሣጥናቸው ተመለሱ። መዝገቡ ላይ የፈረመችውም ራሷ ሳያት ናት። የሆስፒታሉ የሕክምና ፊዚሲስት እንደመሆኗ፣ ከሐኪሙ መርፌ ጀምሮ እስከ ቆሻሻ ቅርጫቱ ድረስ ጨረር የነካው ነገር ሁሉ የሚጠየቀው ከእርሷ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዲት ፍሬ ከሽንት ጋር መውጣቷ ያለ ነገር ነው። ሳያትም ይህንኑ አስባ ትናንት ከአልጋው ሥር ሦስት ዕቃ አስቀምጣ ነበር፤ ሽንት የሚጠለልበት ጎዝ የተባለ ስስ ጨርቅ፣ ክንድ የሚያህል ወረንጦ፣ እንዲሁም በእርሳስ የተለበጠች ክዳን ያላት ብልቃጥ። ስለዚህ የጨረር መለኪያዋን አንጠልጥላ ወደ ክፍሉ ስትሄድ ልቧ አልተሸበረም። ብልቃጧን ትከፍታለች፣ ፍሬዋን ታያለች፣ ትፈርማለች፤ በቃ።

ብልቃጧ ባዶ ነበረች። ጎዙ ታጥቦ፣ ተጨምቆ በመስኮቱ ብረት ላይ ተሰጥቷል።

ጋሽ ሙሴ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቱላ ውስጥ ለሠላሳ አራት ዓመት ያስተማሩ፣ ተማሪ ፊት ሸሚዛቸውን ሳይቆልፉ ቆመው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሳያት መለኪያውን ወደ እርሳቸው ስታስጠጋው እንደሚጠበቀው ተንጣጣ። አንሶላው ላይ፣ ቅርጫቱ ላይ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ግን ዝም አለ።

"ጋሽ ሙሴ፣ ሌሊት ጎዙ ላይ የወጣ ነገር አይተዋል?"

ጋሽ ሙሴ ጣሪያውን አዩ። "እሱን... እሷ ናት የምትይዘው።"

ባለቤታቸው እትዬ ገበያነሽ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። እጃቸውን አደራርቀው ረጋ ብለው ዞሩ። "ወጥታለች። ንጋት ላይ ጎዙ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። እንዳትጠፋ አደራ ብለሻል አሉ፤ አልጠፋችም።"

"ታዲያ የት አስቀመጧት?"

"ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው ልጄ፣ ነጠላዬ ላይ ቋጥሬ የጠፋብኝ ነገር የለም።"

ሳያት የለበሱትን ነጠላ አየች። ንጹሕ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ቋጠሮ የለበትም።

"ይሄ አይደለም" አሉ እትዬ ገበያነሽ ዓይኗን ተከትለው። "ያኛው አድፎብኝ ሰላማዊት ቁርስ ስታመጣ ይሄን ለወጠችልኝ። ያንን ልታጥበው ወሰደችው። አሁን፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው።"

ሰላማዊት ልጃቸው ናት፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። ትናንት ሳያት ራሷ በሩ ላይ አስቁማ፣ ከአባቷ ሁለት ሜትር እንድትርቅ አስጠንቅቃት ነበር። ሰላማዊትም ቃሏን ጠብቃ ዛሬ አባቷን ሳትስም፣ ከበሩ ሆና እጇን አውለብልባ ሄደች፤ ከአባቷ የወጣችውን ፍሬ ግን በፌስታል ይዛ።

"ይደውሉላት እትዬ ገበያነሽ። ነጠላውን እንዳትነካው፣ ከቤት ውጭ እንድታስቀምጠው ይንገሯት።"

እትዬ ገበያነሽ ደወሉ። የሰላማዊት ስልክ እዚያው በሩ አጠገብ፣ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ጠራ።

"ይቺ ልጅ ጭንቅላቷንም ትረሳዋለች" አሉ ጋሽ ሙሴ፤ ወዲያው ግን ወደ ሳያት ዞሩ። "ዶክተር፣ ሕፃኑ ይጎዳል?"

"ዶክተር አይደለሁም ጋሽ ሙሴ። ጉዳት የሚደርስ አይመስለኝም፤ ሳልለካ ግን አልምልልዎትም።"

ለተረኛዋ ነርስ ለሲስተር ወርቅነሽ ክፍሉን ማንም እንዳይጠርግ ነግራ፣ መለኪያውን፣ ወረንጦውንና ብልቃጧን ይዛ ወጣች። እትዬ ገበያነሽ "ቤቱን የማውቀው እኔ ነኝ" ብለው ቀድመዋት ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

ሰላማዊት ወደምትኖርበት ወደ አዲስ ከተማ ሰፈር ሲሄዱ ሳያት ትናንት የሆነውን አንድ በአንድ አስታወሰች። ስለ ሽንቱ ማስረዳት ስትጀምር ጋሽ ሙሴ ፊታቸው ቀላ፤ ሚስታቸውን "እስቲ አንዴ ውጪ" አሏቸው። ሳያትም ለአዛውንት ክብር መስጠቷ ነው ብላ ዝም አለች። ከዚያ ስለ ጎዙ፣ ስለ ወረንጦው፣ ስለ ብልቃጧ የተናገረችውን ሁሉ ጋሽ ሙሴ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ፖፖውን የሚያነሣው፣ ጎዙን የሚያጥበው ግን እርሳቸው አልነበሩም። ከበሩ ውጪ የቆሙት ሴት ነበሩ።

"ጋሽ ሙሴ ምን ብለው ነገሩዎት?" አለች።

"ምን ይለኛል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ 'ትንሽዬ ነገር ከወጣች እንዳትጠፋ' አለኝ። 'ምንድን ናት?' ብዬ ብጠይቀው 'አንቺ ብቻ ያዣት' አለ። ሰባት ልጅ ወልጄለት በሽንቱ እኔን ያፍረኛል።" ወደ ሳያት ዞሩና "አጥፍቻለሁ አይደል?" አሉ።

"እርስዎ አደራ ነው የጠበቁት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ግቢው ውስጥ ሲገቡ ሰላማዊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከጎረቤቷ ጋር ታወራለች። አጠገቧ ሳፋ፣ ኦሞና ባዶ ጄሪካን ተደርድሯል። ሳፋው ደረቅ ነው።

"ነጠላዬስ?" አሉ እናቷ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ።

"የምን ጥድፊያ ነው እማዬ? ውኃ ከትናንት ጀምሮ የለም። ፌስታሉ ውስጥ ነው፣ በረንዳው ላይ።"

ሳያት በዚህች ከተማ ውኃ በጠፋ ቁጥር ታማርር ነበር። ዛሬ ያንን ደረቅ ሳፋ ስታይ ግን አመሰገነች። ውኃ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ፍሬዋ ከእጣቢው ጋር ቦይ ገብታ ነበር።

ነጠላው ላይ ምን እንደተቋጠረ ለሰላማዊት ነግራ፣ እናትና ልጅን ከነጎረቤቷ ወደ አጥሩ አራቀቻቸው። መለኪያውን ወደ ፌስታሉ ስታስጠጋ በኃይል ተንጣጣ። ጓንቷን አጥልቃ ቋጠሮውን ፈታች፤ ትንሿ ብርማ ፍሬ በነጩ ጨርቅ ላይ ተንከባለለች። በወረንጦው አንሥታ፣ በጎዝ ቁራጭ ጠርጋ፣ ጎዙን ለካችው። ዝም አለ፤ ሽፋኑ አልተሰነጠቀም፣ የፈሰሰ ነገር የለም። ፍሬዋን ብልቃጧ ውስጥ ከትታ ክዳኑን ስታጠብቀው መለኪያውም ጸጥ አለ። ነጠላውንም፣ በረንዳውንም፣ የሰላማዊትን ቀሚስም ለካች። ሁሉም ንጹሕ ነበር።

"አሁን ንገሪኝ ሰላማዊት። ፌስታሉን እንዴት ነው የያዝሽው?"

"ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ነበር።" እጇ ሆዷ ላይ ነው። "ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ እዚያ በረንዳ ላይ ጣልኩት።"

ሳያት ማስታወሻዋን አውጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የፍሬዋን ጉልበት፣ ርቀቱን፣ ደቂቃውን ጻፈች። ጥርጣሬ በገባት ቦታ ሁሉ ከፍ ያለውን ቁጥር ወሰደች፤ ሃያውን ደቂቃ ሠላሳ አደረገችው። አሰላች፤ እንደገናም አሰላች።

"ከአፈሩና ከሰማዩ ሁላችንም ላይ በየቀኑ የሚያርፍ ጨረር አለ" አለች ቀና ብላ። "ሕፃኑ ዛሬ ያገኘው፣ እንዲሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሚያገኘው ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ምንም አይሆንም። ይህን ሳልለካ አልተናገርኩም።"

ሰላማዊት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እትዬ ገበያነሽ አጥሩን ተደግፈው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ "ጌታ ሆይ፣ ተመስገን" አሉ በለሆሳስ። ሳያት የእርሳቸውንም ትከሻ አየች። ቋጠሮው ለሁለት ሰዓት ያህል ያረፈበት ቆዳ ደህና ነበር፤ ሒሳቡም ሊቀላ እንኳ እንደማይችል ነገራት።

"እኔን ተዪኝ" አሉ እትዬ ገበያነሽ። "እኔ ያረጀሁ ነኝ።"

"ያረጀ ቆዳም በመዝገቤ ይቆጠራል።"

እትዬ ገበያነሽ ሳቁ፤ ሰላማዊትም ከመዳፏ ሥር።

ሆስፒታል ሲመለሱ ጋሽ ሙሴ አልጋው አጠገብ ቆመው ጠበቋቸው። የሁለቱን ፊት ሲያዩ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ሳያት መዝገቡን ከፈተች፤ ሰባ አምስት በሕመምተኛው፣ አንድ በብልቃጥ ብላ ጽፋ ፈረመች። ከዚያ ወንበር ስባ እትዬ ገበያነሽን ከአልጋው አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

"ጋሽ ሙሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትናንት የነገርኩዎትን ዛሬ ለሁለታችሁም እደግመዋለሁ።"

ጋሽ ሙሴ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ሚስታቸው አዩ። "ትቀመጥ" አሉ።

ሳያት ስለ ጎዙ፣ ስለ ብልቃጧ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እስከ መቼ እንደሚርቁ አንድም ሳትደብቅ ተናገረች። እትዬ ገበያነሽ የሚጠይቁት ጥያቄ ጋሽ ሙሴን በኀፍረት ደጋግሞ ያስላቸው ነበር። በመጨረሻ እትዬ ገበያነሽ ከምሳው ትሪ ላይ አንዲት የሩዝ ፍሬ ወደ ሰሐኑ ጠርዝ ገፉ።

"ወረንጦውን አምጪው እስቲ፣ ልሞክረው።"

ሁለት ጊዜ አመለጠቻቸው። በሦስተኛው ጋሽ ሙሴ ሰሐኑን ዘንበል አድርገው ያዙላቸው።