ጋሽ አባይነህ ተኝተዋል

ጋሽ አባይነህ የሚተነፍሱት አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው፣ ክርናቸውን ትራስ ላይ አስደግፈው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ ሲያቀልጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሳንባቸውን አሲዱና ሲጋራው ተጋርተው ጨርሰውታል። ኦክስጅኑን በጥቂቱ ብቻ ስከፍትላቸው በየቃሉ መሐል እያረፉ፣ «አንቺ ልጅ፣ አየሩንም... በኩፖን አደረጋችሁት?» አሉኝ።

ለልጃቸው ለየሺዓለም ምክንያቱን ነግሬያት ነበር። ይህ ሕመም የቆየበት ሰው ኦክስጅን ሲበዛለት የተቃጠለው አየር ደሙ ውስጥ ይጠራቀምና ያደነዝዘዋል፤ ጣታቸው ላይ ያለው መሣሪያ ዘጠና ካሳየ ይበቃቸዋል። የሺዓለም አምስት ኪሎ አስተማሪ ናት። ዘጠና ለተማሪ ጥሩ ነው፣ ለአባት ግን ያንሳል አለችና ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት የድሮ ጎረቤቶቻቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ሰፈራቸው ከፈረሰ ወዲህ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል፤ አንድ ላይ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነበር። ጋሽ አባይነህ ጠዋት ፂማቸውን ተላጭተው፣ «እንደ ዓሣ አፌን ስከፍት እንዳያዩኝ» ብለው ልጃቸውን ለምነዋት ኖሯል። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

ከሌላ ታካሚ ዘንድ ስመለስ ክፍሉ ፀጥ ብሏል። ጎረቤቶቹ አልጋውን ከበው ቆመዋል፤ ከአትክልት ተራ የገዙት ብርቱካን ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ አባይነህ ትራሳቸው ላይ ወደ ኋላ ተንጋለው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ግንባራቸው ወዝቶ ተኝተዋል። የጣታቸው መሣሪያ ዘጠና ዘጠኝ ይላል። የሺዓለም እግራቸው ሥር ተቀምጣ ታያቸዋለች፤ ፊቷ ላይ ዕረፍት ነበር።

ስጠጋ እትዬ ለተክርስቶስ የሚባሉት ጎረቤት ክንዴን ያዙኝ። «ተይ ልጄ፣ አትቀስቅሻቸው። ስንት ቀን ያጡትን እንቅልፍ ነው ያገኙት።»

ግድግዳው ላይ የኦክስጅን መለኪያው ኳስ ጫፍ ደርሷል፤ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ወደ ቦታው መለስኩት። ስማቸውን ጠራሁ፣ ትከሻቸውን ነቀነቅሁ፣ ደረታቸውን በጣቴ አንጓ ጫን ብዬ ፈተግሁ። እትዬ ለተክርስቶስ ጨካኝ እንደሚያዩ ሆነው አዩኝ። ጋሽ አባይነህ ዓይናቸውን አልገለጡም።

ጎረቤቶቹን ወደ ኮሪደሩ አስወጣን። ዶክተር ተስፋሁን ከእጃቸው አንጓ፣ ከደም ቅዳው፣ ደም ቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለታችንም አንድ መስመር ላይ ነበር ዓይናችን ያረፈው። ጤነኛ ሰው ላይ አርባ አካባቢ የሚሆነው የተቃጠለ አየር ጠዋት ስልሳ አራት ነበር፤ አሁን ዘጠና ስምንት ገብቷል። ደማቸው አሲድ ሆኗል። ኩላሊታቸው ለዓመታት እያካካሰ አኑሯቸዋል፤ ለዛሬው ግን ጊዜ አላገኘም።

የሚያስተነፍሰው ማሽን ያለበት አልጋ ሁሉ ተይዟል። ዶክተሩ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች መደወል ጀመረ። እኔ ጭንብሉን ፊታቸው ላይ አጥብቄ፣ አየር የሚገፋላቸውን ፊኛ በእጄ መጭመቅ ያዝኩ። ደረታቸው በጭንቅ ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዶክተሩ ስልኩን ዘግቶ ሌላ ቁጥር ይሞክራል። ከዚያ ሌላ። በመጨረሻ ስልኩን ኪሱ ከተተና መጥቶ አጠገቤ ቆመ። የትም የለም።

የሺዓለም ከጥግ ሆና ትመለከት ነበር።

«ሲተኛ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ሲስተር ኤዶም፣ እኔ በመክፈቴ ነው አይደል?»

«ሳንባቸው በጣም ደክሞ ነበር» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። አስተማሪ ናት፤ ለጠየቀችው እንዳልመለስኩላት ገብቷታል። መጥታ እግራቸውን በጋቢው ሸፈነች፤ እጇን ከዚያ አላነሳችም።

ፊኛውን መጭመቄን ቀጠልኩ። ኮሪደሩ ላይ የአንዱ ጎረቤት ስልክ ጮኸ፤ ወዲያው የእትዬ ለተክርስቶስ ድምፅ ተሰማ፣ በሹክሹክታ።

«ኧረ ዝም አስብለው። ተኝተዋል።»